እሰጥ አገባ፦ ቃል ዋስ ይጠራ በነበረበት ዘመን

ሰንጋ ተራ ውስጥ ዛሬ ሰንጋ የለም። ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አቅጣጫ የሚሄድ ሰው የሚያየው የባንኮችን ረጃጅም ሕንፃዎችና የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ነው። የከብት ገበያው በስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ሰንጋ ማለት የተኮላሸና የደለበ በሬ፣ ተራ ማለት የገበያ መደዳ ነው።

የከብት ገበያ ግን አንድ ትምህርት አለው። ሻጩ «ይህ በሬ ገና ለጋ ነው» ይላል። ገዢው ይህን ሰምቶ ብሩን አያወጣም። ቀረብ ብሎ የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል። ከዚያ በኋላ ወይ ዋጋ ይጠራል፣ ወይ ትቶት ወደሚቀጥለው በሬ ይሄዳል።

ደቂቃ በማይሞላው በዚህ ግብይት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሻጩ ቃል ነው፦ በሬው ለጋ ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ነው። ሦስተኛውን ማንም አይናገረውም፤ ሁለቱም ስለሚያውቁት መናገር አያስፈልግም፦ የከብት ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል። ይህ ሦስተኛው ባይኖር ጥርሱ ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስለ ዕድሜ የሚመሰክረው ነገር አይኖርም።

የአመክንዮ መምህራን ለሦስቱም ስም አላቸው። የሻጩ ቃል መደምደሚያ ነው። ጥርሱ መነሻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መነሻውን ከመደምደሚያው ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ ዓመቱ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ኮርስ ይወስዳል። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው «ፕሪሚስ» እና «ኮንክሉዥን» የሚሉ ቃላት ይዞ ይወጣል፤ ክርክርን ፈትቶ ማየትም ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ሊመስለው ይችላል።

አይደለም። ይህች አገር ክርክርን ልክ እንደ ሰንጋ ብልት በብልት የምታወጣበት የራሷ ቢላዋ ነበራት። ቢላዋው የሚሳለው በሙግት አደባባይ ነበር። የቢላዋው ስም እስካሁን በየቀኑ ይነሳል፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል።

በላ ልበልሃ

ዘመናዊ ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ሙግት የአደባባይ ጉዳይ ነበር። ችሎት ዛፍ ጥላ ሥርም፣ ገበያ ዳርም፣ መንገድ ላይም ይውላል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን በንጉሡ ስም አስቁመው «ዳኘን» ይሉታል፤ የተጠየቀውም ሰው መንገዱን አቋርጦ ቁጭ ይላል። ከፍ ወዳለ ዳኛ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ አንዱን ካንዱ ቋጥረው ተቆራኝተው ይጓዛሉ። ጠበኞች ናቸው፤ ግን ዳኛው ፊት እስኪደርሱ ድረስ አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም።

ዳኛው ፊት ሲደርሱ ባለነገሩ አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ ይነሳና «በላ ልበልሃ!» ብሎ ይጀምራል። እንግዲህ አንተም በል፣ እኔም ልበልህ ማለት ነው። ጥሪው ራሱ ውል አለው። የሚናገረው ሰው የሚመልስለትን ሰው አብሮ ይጠራል። ብቻውን ተናግሮ የሚሄድ ሰው ተሟጋች አይባልም።

ከፍ ባለው ችሎት፣ በንጉሡ ዘንድ ሳይቀር፣ አስተያየት የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነበር። በማዕረግ ትንሹ መጀመሪያ ይናገራል፤ ከዚያ የሚበልጠው፤ ከዚያ የሚበልጠው፤ በመጨረሻ ንጉሡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ማስረጃውን ትቶ የትልቁን ፊት ማየት ይጀምራል። በዘመኑ ቋንቋ ባይጻፍም፣ ይህ ሥርዓት «ማን ተናገረው?» የሚለውን ጥያቄ «ምን ተባለ?» ከሚለው ለመለየት የተደረገ ጥረት ነው። ዛሬ በአንድ ድርጅት ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው፣ እናንተስ?» ብሎ ሲጀምር ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ሰው የዚያን ሥርዓት ብልሃት አያጣውም።

እሰጥ! አገባ!

ዛሬ በዜና «እሰጥ አገባ ውስጥ ገቡ» ሲባል ፋይዳ የሌለው ጭቅጭቅ ማለት ነው። ቃሉ ሲወለድ ግን ሌላ ነበር። ተሟጋቹ «ይህን ባላስረዳ በቅሎ እሰጥ!» ይላል። ባላጋራው «አገባ!» ብሎ ይቀበለዋል። ውርርድ ነው። መወራረጃው እንደ ነገሩ ክብደትና እንደ ሰዉ አቅም ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይሆናል። የተረታው ይከፍላል፤ ክፍያውም በአብዛኛው ወደ ዳኛው ይሄዳል።

ይህ ሥርዓት ከላይ ሲታይ ቁማር ይመስላል። ውስጡ ግን ለክርክር የሚጠቅም አንድ ግዳጅ አለ፤ የሚወራረድ ሰው በምን ላይ እንደሚወራረድ ለይቶ መናገር አለበት። «ይህ ሰው ክፉ ነው፣ ዘሩም ክፉ ነው» ብሎ በቅሎ ማስያዝ አይቻልም። «በሬው በእንዲህ ያለ ቀን ከማሳዬ ገብቶ እህሌን በላ» ብሎ ግን ይቻላል። ውርርዱ ተሟጋቹን ከስድብ አውጥቶ ወደ አንድ የሚረጋገጥ ነገር ያወርደዋል። ቃሉ ትክክል ወይም ስሕተት ሆኖ ሊገኝ የሚችል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በቅሎዋን ማን እንደሚያጣ አይታወቅም።

ከውርርዱ ጋር ዋስ አለ። ተሟጋች «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋሱ ሰውዬው በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብና ከተረታም እንደሚከፍል በራሱ ንብረት ያረጋግጣል። ስለዚህ በአደባባይ የተነገረ ቃል ሁለት ጠባቂ ነበረው፦ ከፊቱ የሚቀበለው ባላጋራ፣ ከኋላው የቆመ ዋስ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ከባድ ተረት የተወለደው ቃል እንዲህ ዋጋ በሚያስከፍልበት ኅብረተሰብ ውስጥ ነው።

ተጠየቅ

የቢላዋው ስለት ግን ያለው «ተጠየቅ» በሚለው የሙግት ስልት ላይ ነው። ተሟጋቹ ስለ ራሱ ጉዳይ በቀጥታ አይናገርም። ራቅ ካለ ነገር ይነሳና ባላጋራውን ይጠይቀዋል። ባላጋራው መመለስ ግዴታው ነው። የሰጠው መልስ ዞሮ ራሱን ይይዘዋል።

ነገሩ እንዲገባ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ በሬውን ለጎረቤቱ አዋሰ እንበል። በሬው ጎረቤትየው እጅ ላይ ሞተ። ባለበሬው «ክፈለኝ» ይላል፤ ጎረቤቱ «ሞት የእግዜር ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ» ይላል። እንዲህ እየተባባሉ ዓመት መክረም ይችላሉ። ባለበሬው ግን ይነሳና፦

«ተጠየቅ!»

«እጠየቃለሁ።»

«የሰው እንስራ ተውሰህ ውሃ ስትቀዳ ቢሰበርብህ፣ ትከፍላለህ ወይስ አትከፍልም?»

ጎረቤቱ «አልከፍልም» ቢል አደባባዩ ይስቅበታል። «እከፍላለሁ» ቢል በሬውን ከፈለ ማለት ነው። ብልህ ከሆነ ግን እንዲህ ይመልሳል፦

«እንደ አሰባበሩ ነው። እኔ ጥዬው ከተሰበረ እከፍላለሁ። ነቅ የነበረበት ሆኖ በራሱ ከፈረሰ ግን ዕዳው የባለቤቱ ነው።»

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱ ሰዎች አሁንም ጠበኞች ናቸው። ነገር ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደብቆ የነበረው ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ድልድዩ፣ አደባባይ ወጣ፦ የተዋሰ ሰው በእሱ ጥፋት የጠፋውን ይከፍላል፤ በዕቃው ጉድለት የጠፋውን አይከፍልም። ይህን ሁለቱም ተቀበሉ። እንግዲህ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በሬው ሲወሰድ ታሞ ነበር ወይስ ጤነኛ ሆኖ ሄዶ ከመጠን በላይ ተጠምዶ ሞተ? ይህ ደግሞ ምስክር የሚጠራበት ነገር ነው። በሬው ሲጠመድ ያየ፣ ከመወሰዱ በፊት ሲግጥ ያየ እረኛ ይፈለጋል።

ዓመት ሊያከርም የሚችለው ጭቅጭቅ ወደ አንድ የእረኛ ቃል ወረደ። ክርክርን በየክፍሉ ለይቶ ማወቅ ይኸው ነው። መደምደሚያው «ክፈል» ነው። መነሻው «በሬዬ በእጅህ ሞተ» ነው። ድልድዩ የእንስራው ሕግ ነው። ነቁ ደግሞ የሕጉ ማፍረሻ ነው፤ «ይህ ካልሆነ በቀር» የሚለው።

ያ ዘመን ግን ወርቅ አልነበረም

ይህን ሁሉ አንብቦ «ድሮ ቀረ» የሚል ሰው ይኖራል። አይቸኩል። የዚያ አደባባይ ጉድለት ከጥበቡ አያንስም ነበር።

አንደኛ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነው እውነት የያዘውን ይረታ ነበር። ቤት የሚመታ ንግግር አሳምሮ፣ ዘንጉን ወርውሮ፣ አደባባዩን አስቆ የሚመለስ ሰው ማስረጃው ባዶ ቢሆንም ሞገስ ያገኛል። አንደበት የሌለው ሰው ነገረ ፈጅ መቅጠር ይኖርበታል፤ ነገረ ፈጅ ደግሞ ነፃ አይደለም። ሁለተኛ፣ «በቅሎ እሰጥ!» የሚለው ባለበቅሎ ነው። አንዲት ፍየል ያለችው ጭሰኛ ባለርስቱ ፈረስ ሲያስይዝበት «አገባ» ለማለት ምን ይዞ ነው? ብዙ እውነት በውርርድ ፍርሃት አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገብቷል። ሦስተኛ፣ መወራረጃው ለዳኛው የሚገባ ከሆነ ዳኛው ሙግቱ እንዲያጥር ለምን ይፈልጋል?

አራተኛው ጉድለት ከራሱ ከስልቱ የሚመጣ ነው። እንስራና በሬ አንድ አይደሉም። በሬ ነፍስ አለው፤ ማንም ሳይነካው ይታመማል። ምሳሌው አደባባዩን የማረከው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ስለሚያምር? «ተጠየቅ» ጥሩ ድልድይ ያሠራል፤ የተሳሳተ ድልድይም በዚያው ፍጥነት ያሠራል። የተጠየቀው ሰው ብልህ ካልሆነ በማያምንበት መልስ ተይዞ ይረታል።

ከአፍ ወደ ወረቀት

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። ማዕረጉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የዳኞች ሁሉ የበላይ «የንጉሥ አፍ» ይባላል። ፍርድ በአፍ ይነገራል፣ በጆሮ ይሰማል፣ በሰው ትዝታ ይቀመጣል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍትሕ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አዋቀረ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

ይህ ሕግ በአብዛኛው የተቀዳው ከሕንድ የ1908 እ.ኤ.አ. የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ስለዚህ ከበላ ልበልሃ ጋር ዝምድና የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሚጠይቀው ነገር ሲታይ የድሮው ተሟጋች እንግዳ አይሆንበትም። ከሳሽ አቤቱታውን የሚመሠርትበትን ፍሬ ነገር ባጭሩ ጽፎ ያቀርባል። ተከሳሽ በጽሑፍ ይመልሳል። ከዚያ ዳኛው ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ የትኛውን እንደሚያምኑ፣ የትኛውን እንደሚክዱ ይጠይቃል። ከቁጥር 246 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጭብጥ እንዲይዝ ያዝዛሉ፤ አንዱ ወገን «ነው» የሚለው፣ ሌላው «አይደለም» የሚለው ዋና ነገር ተለይቶ ይወጣል። ሁለቱም ያመኑት ነገር ምስክር አያስፈልገውም።

«ጭብጥ» የሚለው ቃል ከመጨበጥ የመጣ ነው፤ በእፍኝ የሚያዝ ነገር። ከዚያው ቤት የወጣችው «ጭብጦ» ደግሞ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዳቦ ናት። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይባላል። ሰው የሚቆጨው የጠፋበት ነገር ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ የጠፋበት ምክንያት ስላልተነገረው ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል። ቁጥር 182 ፍርድ በጽሑፍ ሲሰጥ ጭብጡን፣ በጭብጡ ላይ የተሰጠውን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። «ተወስኗል» ብቻ አይበቃም፤ በቅሎዋ የሄደችበት ምክንያት ለባለቤቷ ይነገራል።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን አካባቢ የባሕር ማዶው አመክንዮም ወደ ፍርድ ቤት እየመጣ ነበር። እስቴፈን ቱልሚን የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች በእውነተኛው ሕይወት የሚያደርጉትን ክርክር ለመረዳት ከሂሳብ ይልቅ ሙግት የተሻለ ምሳሌ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክር የቀረበ ቃል፣ የቆመበት መረጃና መረጃውን ከቃሉ ጋር የሚያያይዝ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ በተራው ደጋፊ ያስፈልገዋል፤ «ይህ ካልሆነ በቀር» የሚል ማፍረሻም ይኖረዋል አለ። እነዚህን ክፍሎች የእንስራውን ሙግት የሰማ ሰው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

የሰንጋ ተራው ሙግት

ወደ ሰንጋ ተራ እንመለስ። የ40/60 የቤት ፕሮግራም ምዝገባ የተጀመረው በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ 40 በመቶ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይቆጥባል፣ ቀሪውን 60 በመቶ ባንኩ ያበድረዋል። ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። አቅም ያለው፣ ንብረቱን የሸጠ፣ ከውጭ ዘመድ ብር የተላከለት ደግሞ ዋጋውን መቶ በመቶ ከፈለ።

የመጀመሪያዎቹ የ40/60 ቤቶች በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የሰንጋ ተራና የክራውን ሳይቶች ናቸው። ቀጥሎ በየካቲት 2011 ዓ.ም. የ18,576 ቤቶች ዕጣ ወጣ። በዚህኛው ዙር 40 በመቶ ያሟሉትም ተካተቱ። ሙሉውን የከፈሉት «ቅድሚያ የእኛ ነው» ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ።

በወቅቱ በየካፌውና በየማኅበራዊ ሚዲያው የነበረው ጭቅጭቅ ይታወሳል። አንዱ «ሀብታም ሁልጊዜ ይቅደም ነው የምትሉት?» ይላል። ሌላው «መንግሥት ሌባ ነው» ይላል። ይህ በዛሬው ትርጉሙ እሰጥ አገባ ነው። በድሮው ትርጉም ሲፈታ ግን ሌላ መልክ አለው።

የሙሉ ከፋዮቹ ክርክር እንዲህ ይቆማል። መነሻ፦ ሙሉውን ከፍለናል። ድልድይ፦ የፕሮግራሙ ደንብ ሙሉ ለከፈለ ቅድሚያ ይሰጣል። መደምደሚያ፦ ስለዚህ ሙሉ የከፈለ ሳያልቅ ሌላው ዕጣ ውስጥ ሊገባ አይገባም። የሌላኛው ወገን ክርክር ደግሞ እንዲህ ይቆማል። መነሻ፦ እነዚህ ተመዝጋቢዎች 40 በመቶውን ቆጥበዋል። ድልድይ፦ ስሙም እንደሚለው የፕሮግራሙ ግዴታ 40 በመቶ ነው፤ ያንን ያሟላ እኩል መብት አለው። መደምደሚያ፦ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዕጣ ይግባ።

አሁን ጭብጡ ይጨበጣል። ማን ስንት እንደከፈለ ጠብ የለም፤ የባንክ ደብተር ይናገራል። ሀብታምና ድሃ የሚለውም ጭብጥ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት በድልድዩ ላይ ብቻ ነው፦ ደንቡና ውሉ «ቅድሚያ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሰነዱን ከፍቶ በማንበብ ነው፤ በመጯጯህ አይደለም።

ድልድዩ ሳይለይ የሚደረግ ጠብ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው። ሙሉ የከፈለው ሰው እንደ ስግብግብ ታየ። 40 በመቶ በወር በወር ያጠራቀመው ሰው እንደ ቀማኛ ታየ። ሁለቱም ግን ለዓመታት ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲዞሩ የኖሩ የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። የሁለቱም ጥያቄ የቀረበው ለአንድ ሦስተኛ ወገን ነበር፦ ደንቡን ለጻፈው። እርስ በርስ ሲሰዳደቡ «ተጠየቅ!» ሊባል የሚገባው ሳይጠየቅ ቀረ።

«ስለዚህ» የሚባል ታፔላ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ይኸው ታሪክ ተደገመ። አንድ ወገን «ከተማዋ መልማት አለባት፤ ስለዚህ ይህ ሰፈር ይፈርሳል» አለ። ሌላው «ሰው ከኖረበት ተነቅሏል፤ ስለዚህ ልማቱ ሁሉ ክፋት ነው» አለ። ሁለቱም መነሻዎች እውነት ናቸው። አዲስ አበባ መልማት እንደሚያስፈልጋት የሚክድ ጥቂት ነው። ሰዎች ከኖሩበት መነሳታቸውም አይካድም። ነገር ግን እውነት የሆነ መነሻ ሁሉ የፈለጉትን መደምደሚያ አይሸከምም።

ከ«መልማት አለባት» ወደ «ይህ ቤት ይፍረስ» ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል፦ ይህ ቤት ሳይነሳ ልማቱ እንደማይሆን፣ ሌላ መንገድም እንደሌለ። ከ«ሰው ተነቅሏል» ወደ «ልማቱ ሁሉ ክፋት ነው» ለመሻገርም እንደዚሁ፦ ሰው የሚያስነሳ ሥራ ሁሉ፣ ካሣና ምትክ ቤት ቢሰጥም እንኳ፣ ክፉ እንደሆነ። ድልድዮቹ በግልጽ ሲነገሩ ሁለቱም ወገን ያመነታል። ተገቢው ጥያቄም ያን ጊዜ ይወጣል፦ ስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጠ? ምትክ ቤቱ ከሥራና ከትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል? ተከራዩስ ምን አገኘ? እነዚህ እንደ በሬው እረኛ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል አላጣም። «ስለ»፣ «ምክንያቱም» እና በግስ ጫፍ የምትቀጠለው «ና» መነሻ መምጣቱን ያመለክታሉ፤ «መሽቷልና እንሂድ» ሲባል መምሸቱ መነሻ፣ መሄዱ መደምደሚያ ነው። «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «እንግዲህ» ደግሞ መደምደሚያ መድረሱን ይናገራሉ። ግን እነዚህ ቃላት ታፔላ ናቸው። ታፔላው «ሆቴል» ስላለ ውስጥ አልጋ አለ ማለት አይደለም። በመካከሉ ምንም ሳይኖር «ስለዚህ» የሚል ጽሑፍ በቀን ስንት ጊዜ በስልክ ላይ ያልፋል?

ማስረጃው የሚጠፋበት ሌላም መንገድ አለ። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ሲባል «እናቴ ትሙት!» ይላል፤ መሐላ ነው። «አንተ ማን ስለሆንክ ነው?» ይላል፤ ሰውን እንጂ ቃሉን አልመለሰም። «ይኼማ የታወቀ ነው» ይላል፤ የታወቀ ከሆነ ለማሳየት ቀላል ነበር። የድሮው ሰውም ይምል ነበር፣ ንጉሥንም ይጠራ ነበር። ልዩነቱ ከመሐላው በኋላ ነው። እሱ ከማለ በኋላ ዋስ ይጠራል፣ በቅሎ ያስይዛል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። የዛሬው ከማለ በኋላ ባላጋራውን ብሎክ ያደርጋል።

የጠፋው ዕውቀቱ አይደለም። ዕውቀቱ በፍርድ ቤት መዝገብ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮርስ፣ በከብት ተራም አለ። የጠፋው ግዴታው ነው፤ የተናገረ ሰው ሲጠየቅ እንዲመልስ የሚይዘው የልብስ ጫፍ ቋጠሮ። በቅሎና ፈረስ ማስያዙ ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ነው፣ ድሃውን አፍ ያዘጋ ነበርና። ነገር ግን ያለ በቅሎም ሊቀጥል የሚችል አንድ ነገር ነበር። አንድ ሰው «ይህ እንዲህ ነው» ሲል፣ ሰሚው ሳይሰድበው «ተጠየቅ» ማለት ይችላል፦ ቃልህ ምንድን ነው? በምን ላይ ቆመ? ከዚያ ወደዚህ ያሻገረህ ምንድን ነው? ምን ቢገኝ ቃልህን ትተዋለህ?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ የእንስራውን ነቅ የሚፈልገው እሱ ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ነገሩን እንደ ዓርማ ይዞታል እንጂ እየተከራከረበት አይደለም።

ሰንጋ ተራ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ዛሬ የለም። ቤት፣ ብድር፣ አክሲዮን፣ ፖለቲካና ታሪክ የሚገዛ ግን ሞልቷል። ሻጩም «ለጋ ነው» ማለቱን አልተወም። ገዢው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ማየት ይጠበቅበታል።